ላይ የነበረው ሰው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

ትናንት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሊፍቱ የጋሼን እጅ በላው። ቀኝ እጃቸውን። ሦስት ጣት። ዛሬ ሐኪሙ "አውራ ጣቱና ትንሿ ጣት ተርፈዋል" አለን፤ ከኪሱ አውጥቶ የሰጠን ይመስል።

ከዚህ በላይ ለመጻፍ እጄ እሺ አላለኝም። "እጄ" ብዬ ስጽፍ ራሱ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11

አለቃ የአደጋውን ሪፖርት እኔ እንድጽፍ አዘዘኝ። "አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ። ደግሞ እዚህ ቤት የሚነበብ ጽሑፍ ያለህ አንተ ብቻ ነህ" አለ።

ሥራችን እንዲህ ነው። አንዱ ጣራ ላይ፣ ሞተሩ ካለበት ክፍል ይቆማል። ሌላው ሊፍቱ አናት ላይ ወጥቶ መዘውሩንና የብረት ገመዱን ይፈትሻል። የሚፈትሸው ሰው መጀመሪያ እዚያው ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለውን ዋና ማብሪያ በገዛ እጁ ያጠፋል፣ ቀይ ካርድ ያንጠለጥልበታል፣ በጓጉንቸር ይቆልፈዋል፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይወርዳል። ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን ሳይደግሙት አልዋሉም።

ሪፖርቱ ላይ ያሰፈርኩት "ባለሙያው ማብሪያውን ሳያጠፉ ወደ ውስጥ ገብተዋል" የሚል ነው። አንድ መስመር። ማብሪያው በርቶ ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። ባይበራ መዘውሩ ከየት አምጥቶ ይዞራል?

ጓጉንቸሩ መኪናው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ይህን አልጻፍኩትም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 13

ሆስፒታል ሄድኩ። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ የሕፃን ራስ አክሏል።

"እስቲ ንገረኝ" አሉኝ። "ከቤት መውጣቴን አስታውሳለሁ። ሕንጻው በር ላይ ከጥበቃው ጋር መቀለዳችንንም አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ድርግም ያለ ጨለማ ነው። ማብሪያውን አላጠፋም ነው የሚሉት?"

"ሪፖርቱ እንደዚያ ይላል" አልኩ።

ሪፖርቱ! እግር አውጥቶ ራሱ የመጣ ይመስል።

ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ቆዩ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም" አሉ። "እንግዲህ እርጅና ሳያንኳኳ ገባ ማለት ነው።"

ስወጣ ሚስታቸው፣ እትዬ፣ ኮሪደሩ ላይ ሁለት እጄን ያዙኝ። "አንተ ባትኖር አልቆለት ነበር" አሉኝ። ክንዳቸውን በቀበቶዬ አስሬ ደሙን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ይህም ውሸት አይደለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 16

ቀጭኑ ከምንለው ባልደረባችን ጋር ተመደብኩ። ሁለት ሕንጻ። ሊፍት አናት ላይ ስወጣ መደገፊያውን ጨብጬ አልለቅም አልኩ። ቀጭኑ አይቶ አልቀለደብኝም፤ እሱ ደግሞ የማይቀልድበት ነገር የለም።

ማታ ባለቤቴ የሥራ ሱሪዬን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ቀዩ ካርድ ወጣ። "ይሄ ምንድነው?" አለች። "የሥራ ነው" አልኳት። እንዴት ኪሴ እንደገባ አላስታውስም። በዚህ ደብተር ሽፋን ውስጥ ሸጎጥኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ ጊዜ ስላለኝ ነገሩን በሥርዓቱ ላስቀምጥ።

ከሙያው የመውጣት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ድርጅታችን የደህንነት ክፍል ኃላፊ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ማመልከቻ ያስገባሁት ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ይህ በደንብ ይጻፍልኝ። ለጋሼ ግን አልነገርኳቸውም ነበር። ምን ብዬ ልንገራቸው? መፍቻ መያዝ የማላውቀውን ሰው ከመሬት አንስተው እዚህ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። "እኔ ጡረታ ስወጣ ይህን ሠፈር በሙሉ ላንተ አስረክቤ ነው" ይሉኛል። ሠፈሩ ማለት አርባ ሁለት ሊፍት ነው፤ የእያንዳንዱን አመል እንደ ልጆቻቸው አመል ያውቁታል። "የሦስተኛው ሕንጻ አኩራፊ ነው፤ ዝናብ ሲያይ በር አይዘጋም።"

እኔ ደግሞ ጉልበቴ አለቀ። ግራሶው ከጥፍሬ አይለቅም። ልጄ ስታቅፈኝ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ ነው፤ ለቀልድ ነው የምታደርገው፣ ግን ታደርገዋለች። ባለቤቴ "ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ሸሚዝ ለብሰህ፣ ሁለቱንም እጅህን ይዘህ ግባልኝ፤ ሌላ አልፈልግም" ትለኛለች። ዱሮ "ደህና ግባልኝ" ነበር የምትለው። አሁን እጅ መቁጠር ጀመረች።

ይህም ሆኖ አንድ ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ ስትታገለው የዋለ ሊፍት ማምሻውን ከወለሉ ጋር ፀጉር ሳያዛንፍ ልክ ብሎ ሲቆም፣ አንዲት ሴትዮ ዕቃዋን ይዛ ወደ እግሯ እንኳን ሳታይ ስትገባ፣ ደስ ይላል። ጋሼ "የሊፍት ባለሙያ እንደ ጥርስ ነው፤ ካላመመ ማንም አያስታውሰው" ይላሉ። ብወጣ የሚቀርብኝ እሱ ነው።

ምርጫው የኔ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሳመነታ እኖር ነበር። አሁን ግን ሊፍት አናት ላይ መቆም አልቻልኩም። መፍራቴን ለማንም አልተናገርኩም። የምፈራው መውደቅ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 26

አለቃ አስጠራኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርቴን አንብበው "ግልጽ፣ አጭር፣ ስሜት የሌለበት" ብለዋል አለኝ። ማመልከቻዬም ጠረጴዛው ላይ ነበር። "ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ወንበሩ ያንተ ነው። የመጀመሪያው ሥራህ አዳዲሶቹን ማሠልጠን ይሆናል። የጋሼን አደጋ ምሳሌ አድርገህ ታስተምርበታለህ፤ ከራስህ ሪፖርት የተሻለ ማስተማሪያ ከየት ይመጣል?"

"እሺ" አልኩ። አፌ ነው ያለው።

ቀጭኑ ሲሰማ ትከሻዬን መታ አደረገኝና "ሊፍቱ ሲወርድ ማመጣጠኛው ክብደት ይወጣል፤ ደንብ ነው" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቀኑን ሙሉ ስመነዝረው ዋልኩ። ቀልድ ነው። ቀልድ ባይሆን አይስቁም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 1

ጋሼ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ናቸው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሄድኩ።

ሳሎን ተቀምጠን በወሬ መሃል ብድግ አሉ። "ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ?" ወደ ማድ ቤት ሄደው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ብድግ አሉ። በሦስተኛው እትዬ "አጥፍተኸዋል፣ ቅድም አይተኸዋል፣ እኔም አይቼዋለሁ" አሏቸው ለስለስ ብለው። ጋሼ ግን ሄዱ። የውጭው በር ጀርባ ላይ በእትዬ ጽሕፈት የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ "ምድጃ፣ ውሃ፣ መስኮት፣ ቁልፍ" ይላል።

አዲሱን ሥራዬን ነገርኳቸው። እንዲቆጡ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። በግራ እጃቸው ራሴን ዳበስ አደረጉኝና "ደግ አደረግክ" አሉ። "ሰው ልብ እያለው ነው መውጣት። እኔን አላየህም? መውጫዬን አሳልፌ ተቀምጬ።"

እትዬ እስከ ደጅ ሸኙኝ። በሩን ገርበብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጣቱስ ጣት ነው፤ ይለመዳል። ራሱን ማመን አቃተው እንጂ። ልጃችን ዘንድ ደውሎ 'ባለፈው ስመጣ በሩን ዘግቼ ነበር የወጣሁት?' ይላታል። ሰው እንዴት በአንድ ቀን እንዲህ ይሆናል?"

"ሐኪም ይያቸው" አልኩ።

ሐኪም ይያቸው! ምላሴን በጎመደው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 3

ወንበሩ ይሽከረከራል። መስኮት አለው። ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሼ ልሄድ አስቤ ዝናብ መጣ። ዝናቡ ቆመ። አልሄድኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 7

አልሄድኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

ሳልሄድ ጋሼ ራሳቸው መጡ።

አለቃ ቀድሞ ጥሩ ነገር አስቦላቸው ነበር። ወደ ሕንጻዎቹ አያስወጣቸውም፤ ወርክሾፕ ተቀምጠው የታደሱ ሞተሮችን ይፈትሻሉ፣ በግራ እጅም የሚሠራ ነው። ጋሼ ግን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተው የሙያ ፈቃዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያቺን ፕላስቲክ ካርድ ሠላሳ አንድ ዓመት ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር የያዟት፤ ጥግ ጥጓ ነጭ ሆኗል።

"የጣቱ ጉዳይ ከሆነ መላ አለው" አለ አለቃ።

"የጣት አይደለም። እኔ 'ደህና ነው' ብዬ የላክሁት ሞተር ሰው ይሸከማል። የረሳ ሰው ነገም ይረሳል። በእኔ ላይ ደረሰ፣ ተመስገን። ነገ የሰው ልጅ ላይ ቢደርስ በምን ዓይኔ አያለሁ?"

"ታዲያ ምን ሊሠሩ ነው?"

"የሚስቴ ወንድም ሱቅ አለው። መጥረጊያና ባልዲ እሸጣለሁ። ባልዲ ማንንም አይገድልም።"

አለቃ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ሲወጡ "አይዞህ" ብለውኝ አለፉ። እኔን። አይዞህ።

ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ቆምኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 16

ዛሬ ሥልጠና ሰጠሁ። አሥራ አንድ ሰው። ሪፖርቱን አነበብኩ፤ የሕንጻውን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። "ባለሙያው ማብሪያውን ሳያጠፉ..." አልኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር፤ ይህን ሳልዋሽ ልናገር፣ ጥሩ አስተማሪ ይወጣኛል።

ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ድሮ ብየዳ ትሠራ የነበረች፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ናት።

"አንድ ጥያቄ ነበረኝ" አለች። "ሁለት ሰው ነው የሚሠራው ብለውናል። አንዱ ታች ከሆነ ላይ የነበረው ሰውዬ ምን ያደርግ ነበር?"

"ላይ ነበር" አልኩ።

"እሱማ ገብቶኛል። ማብሪያው አጠገቡ ነው። በርቶ ከሆነ እንዴት ሳያየው ቀረ?"

ሰዓቴን አየሁና "ለዕረፍት እንውጣ" አልኩ። ገና ሃያ ደቂቃ ነበር የጀመርነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 18

ባለቤቴ ቁርስ ላይ "በእንቅልፍህ 'አጥፋው፣ አጥፋው' ትላለህ። ምኑን ነው?" አለችኝ።

"መብራቱን።"

"መብራቱ ጠፍቶ ነው የምትለው።"

ልጅቷ ትምህርት ቤት እስክትሄድ ጠበቅን። ከዚያ ነገርኳት። ሁሉንም። ዳቦ እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች፤ አልጮኸችም። "እኔ ነኝ ውጣ፣ ውጣ ያልኩህ" አለች።

"አንቺ ምን አደረግሽ?"

"ምንም። አንተ ግን ሰውዬውን ሂድና አድነው። ጣቱን ማለቴ አይደለም።"

እሑድ፣ ኅዳር 20

ሄድኩ። ይኸው ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው።

ጋሼ ብቻቸውን አልነበሩም፤ እትዬ ጎናቸው ሆነው ሸሚዛቸውን ያዘጋጁላቸው ነበር፤ ቁልፎቹን እያወለቁ በቦታቸው የሚጣበቅ ጨርቅ ይሰፋሉ፣ በአንድ እጅ እንዲዘጋ። ቁጭ በል አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ ስለ አየሩ አወራ ነበር።

ቀዩን ካርድ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት።

"ይሄ የት ነበር?" አሉ ጋሼ።

"ኪሴ ውስጥ። ማብሪያው ላይ ሰቅለውት ነበር።"

"ማን?"

"እርስዎ። ማብሪያውን አጥፍተዋል፣ ጋሼ። በእጅዎ አጥፍተው፣ ካርዱን ሰቅለው፣ 'ጓጉንቸሩስ?' አሉኝ። መኪናው ውስጥ ረስቼው ነበር። 'አምጣ' አሉኝ። አሥራ ሁለት ፎቅ መውረድ ሰልችቶኝ 'እኔ እዚሁ ቆሜ የለ፣ ምን ጓጉንቸር ያስፈልጋል?' አልኩዎት። 'እንግዲያው ካጠገቡ ንቅንቅ እንዳትል' ብለው ወረዱ።"

እዚህ ላይ አቆምኩ። እትዬ መርፌውን እንደያዙ ቀርተዋል።

"ቀጥል" አሉ ጋሼ።

"ስልክ ተደወለልኝ። ክፍሉ ውስጥ አይሰማም፤ ወደ ጣራው ወጣሁ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ነበር፤ ስለ ማመልከቻዬ። ተቀባይነት ሳያገኝ አይቀርም አሉኝ። ስመለስ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ከሥር በመዶሻ ምልክት የሰጡኝ መሰለኝ፣ የጨረሱ መሰለኝ፤ አላውቅም። ካርዱን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። ማብሪያውን ያበራሁት እኔ ነኝ። ጩኸትዎን ስሰማ አጠፋሁት። ሪፖርቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ጋሼ ለመቆጣት አልቸኮሉም። እኔ የጠበቅሁት ጥፊ ነበር፤ ቢቻል ሁለት። እሳቸው ግን ፊቴን እንኳ አላዩም። ካርዱን በግራ እጃቸው አንስተው ገለበጡት።

"ስለዚህ አልረሳሁም" አሉ።

"አልረሱም።"

"አጥፍቼ ነበር።"

"አጥፍተው ነበር።"

ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "ሰማሽ? አልረሳሁም!" ድምፃቸው የልጅ ሆነ። "አጥፍቼው ነው የወረድኩት! አንቺ፣ አጥፍቼው ነበር እኮ!" እትዬ አቅፈዋቸው ማልቀስ ጀመሩ፤ ጋሼም ትከሻቸው እየተርገፈገፈ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሳይለይ፣ ያንኑ ቃል ደጋገሙት። እኔ መሃል ሳሎን ቆሜ የሰው ደስታ ስመለከት ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። እኔ ነኝ ለአርባ ቀን የቀማኋቸው።

ዝም ካሉ በኋላ ነው ያዩኝ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ጣቴን ይቅር እልሃለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ጣት በሥራ ላይ ይሄዳል። ስልክም ይደወላል፣ ሰውም ይዘናጋል። ግን እዚች ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነበር። ምድጃውን ለማየት ሦስት ጊዜ ስነሳ እያየኸኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ሐኪም ይየው አልካት።"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"በል ሂድ። ጋሼም አትበለኝ።"

እትዬ ዛሬ አልሸኙኝም። በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ። ከኋላዬ ጋሼ "ወረቀቱን ከበሩ ላይ አንሺልኝ" ሲሉ ሰማሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 21

ጠዋት አለቃ ዘንድ ገብቼ አዲስ ሪፖርት ሰጠሁት። አንድ ገጽ ተኩል። አነበበ። መነጽሩን አወለቀ። "ይሄን ያህል ሰው ፊት አንብበኸዋል እኮ ያኛውን" አለ። ከዚያ በሩን በእጁ አመለከተኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 2

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ወንበሩ ተወስዷል። የሙያ ፈቃዴ ለአንድ ዓመት ታግዷል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ከፈለግሁ እንደ ጀማሪ ተፈትኜ ነው። የአሮጌው ሪፖርት ቅጂዎች በሙሉ ተሰብስበው፣ ለአሥራ አንዱ ሠልጣኞች እርማት ተጽፎላቸዋል። ያቺ የብየዳዋ ሴት ኮሪደር ላይ አግኝታኝ ምንም ሳትል መንገድ ለቀቀችልኝ።

እሳቸው ፈቃዳቸውን መልሰው ወስደዋል። ከሰኞ ጀምሮ ወርክሾፕ ናቸው።

ባለቤቴ "እንግዲህ ወጣህ፤ የፈለግከው ይሄው አልነበር?" አለችኝ፤ ለመውጋት አይደለም፣ ከልቧ ለማወቅ ነው። እኔም ከልቤ አሰብኩ። ዛሬ ሰው ቤት ስንሄድ ሊፍቱ ሲቆም ሁለት ጣት ያህል ከወለሉ ወረደ። ፍሬኑ ነው። ማጥበቅ ነው፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ። የማጠብቀው ግን እኔ አይደለሁም። "ዓመቱ ሲያልቅ እፈተናለሁ" አልኳት። "እስከዚያ ቀጭኑ አጎቱ ጋ መጋዘን ዕቃ መጫን አለ ብሎኛል።"

"ጉልበትህስ?"

"ጉልበቴ አለ።"

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14

የድርጅቱን መሣሪያዎች ላስረክብ ወርክሾፕ ሄድኩ። የሚረከበው ሰው እረፍት ላይ ስለሆነ በቦታው የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ብሰማ ኖሮ ሌላ ቀን እመጣ ነበር፤ ለዚህም ነው ማንም ያልነገረኝ።

ሰላምታ ሰጠሁ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መለሱ። ሻንጣውን ከፍቼ አንድ በአንድ አወጣሁ። መፍቻ፣ ፒንሳ፣ የመብራት መፈተሻ፣ ጓጉንቸር ከነቁልፉ። እያንዳንዱን በግራ እጃቸው እያነሱ፣ እያዩ፣ ወደ ጎን ያስቀምጣሉ። ጓጉንቸሩን ከሌላው በላይ አላቆዩትም፣ ከሌላውም አላሳነሱትም። ከኋላ የሚፈተሽ ሞተር ያጉረመርማል፤ በመሃል አንዴ ጆሯቸውን ወደዚያ ዘንበል አደረጉና "ደህና ነው" አሉ፤ ለሞተሩ ነው።

መረከቢያው ላይ መፈረም ነበረባቸው። እስክሪብቶውን በግራ እጃቸው ያዙ። ቀኙ፣ በሁለት ጣቱ፣ ወረቀቱን እንዳይንሸራተት ደግፎታል። የመጀመሪያው ፊደል ተንጋደደ። አቆሙ። እንደገና ጀመሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፈፍ አለ። ልርዳዎት ልል አፌን ከፈትኩ።

ቀና ሳይሉ "አንተ ስትጽፍ ፈጣን ነህ" አሉኝ። "እኔ ገና እየተማርኩ ነው። ጠብቅ።"

አፌን ዘጋሁ። እስኪጨርሱ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።